የአበባ ፍልቅልቅ መጠጥ በቤት፦ ለደብረ ብርሃንና ለሸዋ ሮቢት አንድ መንገድ አይሆንም

ባለፈው ግንቦት ሁለት ጠርሙስ የቀጋ አበባ ብርዝ አዘጋጅቼ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። አክስቴን ከፋሲካ በፊት ጀምሮ አላየኋትም ነበርና ባዶ እጄን መሄድ አልፈለግኩም። ጠርሙሶቹ ከቤት ሲወጡ ጨዋ ነበሩ፤ የደብረ ብርሃን የሌሊት ብርድ እርሾውን አስተኝቶት ነበር። አውቶቡሱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ሲያያዘው ግን እኔ ሹራቤን አወለቅኩ፤ እርሾውም ነቃ። አክስቴ ቤት ደርሼ ቡናው እስኪፈላ የፕላስቲኩን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ሆዱ ተነፍቶ፣ ታቹ አብጦ፣ ቀጥ ብሎ መቆም አቅቶት ይወዛወዛል። አክስቴ «አምጣው፣ እኔ ልክፈተው» ብላ ክዳኑን አንዴ ጠመዘዘችው። መጠጡ ቆርቆሮውን መትቶ ተመለሰ። በቅጡ ያላጠለልኩት የቀጋ አበባ ነጠላዋ ላይ ተለጥፎ፣ ከቅንድቧ ማር እየተንጠባጠበ፣ «ልጄ፣ መጠጥ ነው ያመጣህልኝ ወይስ ጥይት?» አለችኝ።

ሁለተኛው ጠርሙስ የብርጭቆ ነበር። እሱን በጋቢ ጠቅልዬ ጓሮ ወሰድኩትና ፊቴን አዙሬ ክዳኑን በጥቂት በጥቂቱ አላላሁት። ጋቢው ታጠበ፤ እኔም ተማርኩ።

ከዚያ ወዲህ የአበባ መጠጥ በቤቱ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «የትኛው አበባ ይሻላል?» ብሎ ነው። አበባው ቀላሉ ነገር ነው። አስቀድሞ መወሰን ያለበት ጋዙ ከየት እንደሚመጣ ነው፤ ጠርሙሱን፣ ጊዜውን፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ ደጋ ላይ ይሠራ ወይስ ቆላ የሚወስነው እሱ ነውና።

ነገሩ ከባሕር ማዶ የመጣ ይመስላል። እንግሊዞች ኤልደር የሚሉትን ዛፍ ነጭ አበባ ለቅመው ከሎሚ፣ ከስኳርና ከጥቂት ኮምጣጤ ጋር ይዘፈዝፉታል፤ አበባው ላይ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ያፈላውና በጥቂት ቀን ውስጥ የሚፍለቀለቅ መጠጥ ይሆናል። ለእነሱ የበጋ መጠጥ ነው፤ በጋቸው የሚገባው እኛ ዣንጥላ በምንፈልግበት በሰኔ ነው። የእኛ ሙቀት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ የቀን መቁጠሪያውን ከእነሱ መዋስ አይጠቅምም። አሠራሩን መዋስም እምብዛም አያስፈልግ፤ ማርን በውሃ በርዞ መጠጣት፣ የተቆላ ገብስ አፍልቶ በስኳርና በእርሾ ቀሪቦ ማድረግ ሰሜን ሸዋ ከጥንት የሚያውቀው ሙያ ነው። አዲሱ ነገር አበባው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ፦ በእርሾ አፍልቶ ማዘጋጀት

ይህ የአክስቴን ጣሪያ ያጠበው መንገድ ነው። ቢሆንም ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ሌላው ሁሉ ጣዕም ላይ ጋዝ ይጨምራል፤ ይህ ግን ራሱ ጣዕም ይፈጥራል። የፈላ ብርዝ ጣፋጭነቱ ቀለል ይልና ጫፉ ላይ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ ማሩና አበባው ይዋሐዳሉ።

አሠራሬ ይህ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ። 200 ግራም ማር አሟሟበታለሁ። ነፍሳቱን ያራገፍኩትን ሁለት እፍኝ የቀጋ አበባና የአንድ ሎሚ ቁራጭ እጨምርና በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ አንድ ቀን አሳድረዋለሁ። በማግስቱ በነጠላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጠልለዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ የምለው ምክንያት አለኝ። ከዚያ በሁለት ጣት ቆንጠር የተደረገ የዳቦ እርሾ ጨምሬ ጠርሙስ ውስጥ እከታለሁ፤ ከላይ ሦስት ጣት ያህል ባዶ ቦታ እተዋለሁ።

እርሾ ባይጨመርስ? ጥሬ ማርና ያልታጠበ አበባ የራሳቸው እርሾ አላቸው፤ ይፈላል። ችግሩ መቼ እንደሚፈላ አለመታወቁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ አምስት ቀን ጠብቄ ምንም አረፋ ያላየሁበት ጊዜ አለ፤ በስድስተኛው ቀን ያየሁት አረፋ ሳይሆን አረንጓዴ ሻጋታ ነበር። ሻጋታ ከታየ ከላይ ገፍፎ መጠጣት የለም፤ ሁሉም ይደፋል። ለጀማሪ የዳቦ እርሾ ይሻለዋል። ከበዛ መጠጡ ዳቦ ዳቦ ይላልና በቁንጥር ይወሰን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ጥይቱ ያለው እዚህ ነው። እርሾ ስኳርን ሲበላ በክብደት ግማሽ ያህሉን ወደ አልኮል፣ ግማሽ ያህሉን ወደ ጋዝ ይለውጠዋል። በአንድ ሊትር ውስጥ 8 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሁለት የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ተበልቶ ሲያልቅ 4 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ለቤት መጠጥ ይህ ይበቃል፤ የፋብሪካ ለስላሳ የዚህን እጥፍ ገደማ ቢይዝ ነው። ማር ከአምስት እጁ አራቱ ስኳር ስለሆነ የእኔ ብርዝ በሊትር 160 ሳይሆን 80 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ 160ው ለሁለቱ ሊትር ነው። ያ 80 ግራም ታሽጎ እስከ መጨረሻው ቢፈላ 40 ግራም ጋዝ ይወጣዋል፤ ከለስላሳው አምስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ያንን የሚችል ጠርሙስ በቤታችን የለም። ስለዚህ ይህ መጠጥ ሁልጊዜ መሐል መንገድ ላይ የሚቆም መጠጥ ነው፤ የሚያቆመውም ብርድ ብቻ ነው።

መቼ እንደሚቆም የሚነግረን ጠርሙሱ ነው፤ ለዚህም ፕላስቲክ የግድ ነው። ለስላሳ የነበረበት ጠንካራ ፕላስቲክ እንጂ ስሱ የውሃ ፕላስቲክ አይሆንም፤ እሱ ለጋዝ አልተሠራም። በየጊዜው በአውራ ጣት ጫን ይባላል። መጀመሪያ እንደ ብርቱካን ይሰረጉዳል፤ እንደ ድንች ሲጠነክርና አልሰረጉድ ሲል ጊዜው ደርሷልና ወዲያው ፍሪጅ ይገባል። የብርጭቆ ጠርሙስ ግን አይናገርም። ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ ይፈነዳል፤ ስብርባሪው ዓይን ያጠፋል። መጠጡን በብርሌ ማቅረብ የሚያምራችሁ ከሆነ ከፕላስቲኩ ቀድታችሁ አቅርቡ። ጠላ የምትጠነስሱበትን እንስራም ለዚህ አታውጡት፤ የወይራ ጢሱ ለጠላ ክብር ነው፤ ለአበባ ግን ሞቱ ነው።

ደጋና ቆላ የሚለያዩት በዚህ መንገድ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ገደማ ላይ ነች። በመካከላቸው ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ለእርሾ ግን ሌላ አገር ነው። እኔ ቤት ጠርሙሱ ለመጠንከር ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ እሱም ከምድጃው አጠገብ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። (ብርድ ልብስ በሚመረትበት ከተማ እየኖሩ ለመጠጥ አንድ መንፈግ አይገባም።) አክስቴ ቤት ማታ ታሽጎ ጠዋት ይጠነክራል። ቆላ ያላችሁ ሰዎች ፍሪጅ ከሌላችሁ፣ ወይም መብራት የሚጠፋባችሁ ከሆነ፣ ይህን መንገድ ዝለሉት። በሞቀ ቀን የጠነከረ ጠርሙስ ማስቀመጥ ማለት ሰዓቱን የማታውቁት ነገር ማስቀመጥ ነው። ለደጋ ሰው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው ይበረታል። በደንብ አቀዝቅዛችሁ፣ ክዳኑን በትንሽ በትንሹ ክፈቱ።

አልኮሉስ? ከላይ እንዳልኩት 8 ግራም ስኳር ብቻ ከተበላ መጠጡ ግማሽ በመቶ ገደማ አልኮል ይኖረዋል። ፍሪጅ ውስጥም እርሾው ቀስ ብሎ ይሠራልና ሲሰነብት ከዚያ ያልፋል። በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት። አልኮል በፍጹም ለማይነካ እንግዳ ግን «ትንሽ ነው» ብሎ ማቅረብ ነውር ነው፤ ለእሱ ቀጥሎ ያለው መንገድ አለ።

ሁለተኛው፦ የአበባ ሽሮፕና አምቦ ውሃ

አምቦ ውሃ ጋዙን ከመሬት ይዞ የሚወጣ ምንጭ ነው፤ ምዕራብ ሸዋ ላይ። ሰሜን ሸዋ ውስጥም ሱቅ ባለበት ሁሉ ይገኛል። ሥራው ሽሮፕ ማዘጋጀት ብቻ ስለሆነ ምንም አይፈነዳም፣ ማንንም አያሰክርም፣ ሠርግ ላይ ሁለት መቶ ሰው ቢመጣም አይጨንቅም።

ለከርከዴ ሽሮፕ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ 50 ግራም ደረቅ ከርከዴ፣ 400 ግራም ስኳር በቂ ነው። ውሃው ሲፈላ እሳቱን አጥፍታችሁ ከርከዴውን ጨምሩና ክደኑት። በመጽሐፍ አሥር ደቂቃ የሚል ካገኛችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ ሰዓት በሉት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ላይ ነው። አጥልላችሁ ስኳሩን በትኩሱ አሟሙ፤ ሲቀዘቅዝ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ፍሪጅ ከገባ ሁለት ሳምንት ይቆያል።

ሲቀርብ አንድ እጅ ሽሮፕ ለአራት ወይም ለአምስት እጅ አምቦ ነው። ሽሮፑ ከታች ይቀድማል፤ አምቦው በጣም ቀዝቅዞ በብርጭቆው ጎን እየተንሸራተተ ይቀዳል። ማንኪያ አንዴ ብቻ ከታች ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል። ቡና ላይ ስኳር እንደሚያማስል ሰው ያማሰላችሁት ከሆነ ጋዙን ሸኛችሁት ማለት ነው።

ጉድለቱ የአምቦ የራሱ ጣዕም ነው። ማዕድኑ ጎልቶ ይሰማል፤ ለስላሳ መዓዛ ያለውን አበባ ይጫነዋል። የቀጋን ሽሮፕ በአምቦ ሞክሬ ቀጋው የት እንደገባ አላገኘሁትም። ከርከዴና ጦስኝ ግን አይሸነፉም፤ በተለይ ሎሚ ሲደገፋቸው።

ሦስተኛው፦ ቤኪንግ ሶዳና ሎሚ

በዚህ ብዙ አልቆይም። ቤኪንግ ሶዳ ከሎሚ ሲገናኝ ጋዝ ይለቅቃል፤ እውነት ነው። ግን ጋዙ ብርጭቆው ውስጥ ከመሟሟት ይልቅ ሽቅብ ፈንጥቆ ይሄዳል፤ ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ ብትቀምሱት የቀረው ጨው ጨው የሚል የአበባ ውሃ ነው። የደም ግፊት ላለበት ሰው ያ ጨው ተጨማሪ ችግር ነው። ቤኪንግ ፓውደር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ስታርች ስላለበት መጠጡን ያደፈርሰዋል፤ ሱቅ ላይ አታምታቱት።

አንድ ጊዜ የእህቴ ልጆች ፊት ቀይ ከርከዴ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ጨመርኩ። አረፋው ከብርጭቆው ገንፍሎ ወጣ፤ ሲሰክን ቀዩ መጠጥ ጠፍቶ በምትኩ ልብስ የታጠበበት የሚመስል ወይን ጠጅ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ውሃ ቆመ። ሎሚ ስጨምቅበት ተመልሶ ቀላ። የከርከዴ ቀለም ኮምጣጣ ሲያገኝ ይቀላል፣ ሶዳ ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ልጆቹ አምስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ አንዳቸውም ግን አልጠጡትም። ለዝናባማ ቅዳሜ መልካም ጨዋታ ነው።

በቤት ውስጥ ጋዝ የሚያስገባ መሣሪያም አለ። ለካፌ ያዋጣ ይሆናል፤ ለቤት ግን የጋዝ ሲሊንደሩ ባለቀ ቁጥር ማስሞያ ፍለጋ መዞር ነው። ከእሱ የሚገኘው ጥቅም ደግሞ የአምቦን ያህል ነው።

አበባው

ከርከዴ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ደረቁ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፣ ቀለሙ እንግዳን ያስደስታል፣ ኮምጣጣነቱ ስኳርን ይገራል። በእርግጥ የምንዘፈዝፈው ቀዩ ነገር አበባው ራሱ ሳይሆን አበባው ከረገፈ በኋላ ፍሬውን አቅፎ የሚቀረው ወፍራም ሽፋን ነው። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዳያበዛው፤ ከርከዴ ግፊት ዝቅ ያደርጋል። ነፍሰ ጡርም ብትተወው ይሻላል።

ቀጋ የአገራችን በቀል ጽጌረዳ ነው። በአጥርና በገደል አፋፍ ላይ እሾሁን ዘርግቶ የሚወጣ፣ ነጭ አበባው መሐሉ ቢጫ የሆነ፣ በልጅነታችን ቀይ ፍሬውን እየለቀምን የበላነው። መዓዛው ከውጭው ጽጌረዳ ይቀላል፤ ትኩስ ውሃም ይገድለዋል። ስለዚህ ቀጋ የሚሆነው በቀዝቃዛ ለሚዘፈዘፈው፣ ማለትም በእርሾ ለሚፈላው ብርዝ ነው። ጠዋት ጤዛው ደረቅ ሲል ለቅሙት፤ ከዋናው መንገድ ዳር ያለውን አቧራና ጭስ ይዟልና ተዉት። ሁሉንም አትልቀሙ፤ አበባው ካለቀ ፍሬ የለም፤ ፍሬው ደግሞ የልጆች ነው።

በእቅፍ የሚሸጥ የጽጌረዳ አበባ በምንም መልኩ አይሆንም። ለዕይታ የተመረተ ስለሆነ የተረጨበት መድኃኒት ለሆድ ታስቦ የተለካ አይደለም። በጓሯችሁ መድኃኒት ያልተረጨ ጽጌረዳ ካላችሁ ግን የእያንዳንዱን የአበባ ቅጠል ነጭ ሥር ቆርጣችሁ ጣሉ፤ መራራ ነው።

ያልጠበቅኩት አሸናፊ ጦስኝ ነው። እኛ ለሻይና ለጉንፋን ብቻ ነው የምናስበው። ከአንኮበርና ከመንዝ ጓሳ ደጋ መሬቱን ተጠግቶ የሚበቅለው ይህ ቅጠል ሲያብብ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደቃቅ አበባ ያወጣል። አበባ ያለበትን ጫፍ አንድ እፍኝ ግማሽ ሊትር ትኩስ ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ዘፍዝፉት፤ ከቆየ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ከ300 ግራም ስኳር፣ ከሁለት ሎሚና ከቀዝቃዛ አምቦ ጋር ሲቀላቀል የተራራ አየር ይሸታል። ከሜዳው የምትለቅሙ ከሆነ ጫፉን በመቀስ ቁረጡ እንጂ ሥሩን አትንቀሉ።

አደይ አበባ ለመልክ እንጂ ለመዓዛ አይሆንም፤ ለመስቀል ይቆይ። የማታውቁትን አበባ ደግሞ ሽታው ስላማረ ብቻ አትዘፍዝፉ። አስተናግር እንደ መለከት የተከፈተ የሚያምር ነጭ አበባ አለው፤ መርዝ ነው።

ለማን፣ መቼ

የሚያዝያ ሠርግ ካለባችሁ፣ ወይም ልጆችና አልኮል የማይነኩ ጎረቤቶች ባሉበት ድግስ፣ ከርከዴና አምቦ። ጥያቄ የለውም። ሽማግሌዎች የበዙበት ጠበል ጸዲቅ ከሆነ ጦስኙን አቅርቡ፤ ስሙን ሲሰሙ ገና ይወዱታል። ቤተሰብ ብቻ ከሆነ፣ ደጋ ከሆናችሁ፣ ፍሪጅና ትዕግሥት ካላችሁ፣ ጠርሙስ በየጠዋቱ መጫን የማይሰለቻችሁ ከሆነ የቀጋው ብርዝ ይጠብቃችኋል። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበትን ማናቸውንም መጠጥ አይቅመስ፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ተሕዋስ ለሕፃን አደገኛ ነው።

በማርና በስኳር መካከል ለሚያመነታ ደግሞ፦ ለሽሮፕ ስኳር ይሁን፤ ማሩ የከርከዴውን ቀለም ያጠይመዋል፣ ዋጋውም ይባክናል። ለሚፈላው ግን ማር ነው። ከመስቀል በኋላ የሚቆረጠው ማር ራሱ የአበባ መዓዛ አለውና ለቀጋው ግማሽ ሥራ ሠርቶ ይጠብቀዋል።

አክስቴ ሰሞኑን ደውላ «ያ ጥይትህ ጣዕሙ ግን ጥሩ ነበር» አለችኝ። በሚቀጥለው ስወርድ የጦስኝ ሽሮፕ በአንዲት ትንሽ ጠርሙስ እይዝላታለሁ፤ አምቦውን እዚያው ሸዋ ሮቢት እገዛለሁ። ቀጋውን ከፈለገች ግን ራሷ ደብረ ብርሃን መውጣት አለባት፤ ጋቢ ይዛ።